ለድሬዳዋ የተቀመጡት ብርጭቆዎች

ዛሬ ጠዋት ሻንጣ ስከፍት የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወዲያው ከድንበር ማዶ ባለችው የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ አምስት በሚባለው ሰፈር የነበረው የልጅነት ቤታችን ትዝ አለኝ።

አባባ የምንላቸው አያቴ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አልጋቸው ሥር ባለው ናፍታሊን የሚሸት ሣጥን ውስጥ፣ አንድ ቀን ድሬዳዋ ስንመለስ የምንጠጣባቸው ብርጭቆዎች በጋዜጣ ተጠቅልለው ተቀምጠው ነበር። እስከዚያው የምንጠጣው በባዶ የቲማቲም ጣሳ ነበር። ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ሥራ ካቆመ በኋላም ሣጥኑን የነካው የለም።

አንድ የሐምሌ ቀን ከሰዓት፣ ካምሲን የምንለው ትኩስ ንፋስ አቧራውን በበሩ ሥር እያስገባ ሳለ፣ ሶማሌዋ ጎረቤታችን ሐዋ የሎሚ ጭማቂ በጆግ ይዛልን መጣች። እኔ እንደ ልማዴ ጣሳዎቹን ደረደርኩ። አባባ ጣሳዎቹን ትንሽ አዩና ጎንበስ ብለው ሣጥኑን ሳቡት።

«አባባ፣ እነሱ እኮ ለቤታችን ናቸው» አለች እናቴ።

«ይሄስ የማን ቤት ነው?» አሉ ጋዜጣውን እየፈቱ።

ብርጭቆው ስስ ነበር፤ ቅዝቃዜው ከንፈሬን ሲነካው ለመዋጥ እንኳ ፈራሁ። በኋላ ሳጥብ አንዱ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። እናቴ ደነገጠች። አባባ ግን ስብርባሪውን ወደ መዳፋቸው እየለቀሙ፣ «ግድ የለም ልጄ፤ ተጠጥቶበት ነው የተሰበረው» አሉኝ።

ዛሬ የከፈትኩት ሻንጣ የራሴ ነው። ሰፊ ቤት ስንገባ ብዬ የገዛሁት ባለጥልፍ የአልጋ ልብስ ገና ከላስቲኩ አልወጣም። ልጄ ከኋላዬ መጥታ ጥልፉን በላስቲኩ ላይ በጣቷ እየተከተለች፣ «እማ፣ ይሄ ለመቼ ነው?» አለችኝ።