የሱፍያን ጣሪያ

ሸዋገነት የበርበሬ ንግድን የተወችው ወዳ አይደለም፤ ሳንባዋ እምቢ ስላላት ነው። ከዚያ ወዲህ በርበሬ በረንዳ ጀርባ በሚገኘው የጋራ ግቢያቸው ጥግ፣ አጣና ላይ ላስቲክ ወጥራ የጎመንና የቃሪያ ችግኝ እያፈላች ትሸጣለች።

የቸገራት ውሃ ነው። የግቢው ቧንቧ አንድ ነው፤ እሱም በፈረቃ ነው የሚመጣው። በበጋው መጨረሻ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ቁርጡን ነገሯት፤ ክረምት ሲገባ ችግኟን በራሷ ውሃ ካላጠጣች የላስቲኩ ቤት ይፈርሳል። አብዝቶ የተናገረው በርበሬ ፈጪው ሱፍያን ነበር።

"እትዬ ሸዋገነት፣ ልጆቼ ፊታቸውን ሳይታጠቡ የእርስዎ ቃሪያ ገላውን ይታጠባል" ብሎ ሰዉን አሳቀ።

እሷም አብራ ሳቀች። ቤቷ ገብታ ግን ከፋት። የከፋት በቀልዱ አልነበረም፤ እውነት ስለነበረው ነው።

በጣሪያዋ ጠርዝ አሸንዳ አሠራች። የዝናቡ ውሃ ያለ ፓምፕ እንዲወርድ መቀበያ በርሜል ድንጋይ ላይ ከፍ አድርጋ አስቀመጠች። ከሥሩ ቀጭን ጎማ ዘርግታ በየችግኙ አጠገብ በጋለ መርፌ በሳችው።

የመጀመሪያው ዝናብ በርሜሉን ሞላው። ውሃውን ስትለቀው ጎማው ጥቂት አንጠባጠበና ቀጥ አለ። ምን ነካው ብላ የበርሜሉን ክዳን ስታነሳ ማስነጠስ ያዛት። በጋውን ሙሉ ከሱፍያን ወፍጮ የቦነነው በርበሬ ጣሪያዋ ላይ ተጋግሮ ኖሮ ውሃውን አቅልቶታል፤ ቀዳዳዎቹንም ደፍኗቸዋል። ጣሪያውን ብታጥበው ወፍጮው ነገም ይፈጫል።

ቀና ብላ አየች። ነፋሱ ብናኙን የሚያመጣው ወደ እሷ ብቻ ነው። ከወፍጮው ወዲያ ያለው የሱፍያን መኖሪያ ቤት ቆርቆሮ ንጹሕ ነው። ያን ሰው መለመን ሞት መሰላት። ቢሆንም በማግሥቱ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

"ሱፍያን፣ ጣሪያህን ፈልጌ ነው።"

"የቀረዎት እሱ ብቻ ነው እንዴ?"

"ዝናቡን እንጂ ቆርቆሮውን አልወስድብህም። የእኔን በርበሬ አልብሰኸዋል፤ ናና እየው።"

መጥቶ በርሜሉ ላይ አጎነበሰ። ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ፣ "ይሄማ ድልህ ነው" አለ።

"እንግዲህ ሽጠህ አካፍለኝ።"

አልሳቀም። ቀና ብሎ የገዛ ጣሪያውን አየ። "ከዚያ የሚወርደው ውሃ በየክረምቱ መጋዘኔ በር ላይ እየተኛ ጆንያዬን ያረጥብብኛል" አለ። "አሸንዳውን በዚያ በኩል ያሳልፉልኝ፤ ዝናቡን ይውሰዱት።"

"መሰላሉን ትይዝልኛለህ?"

"የምወጣው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ከታች ሆነው ይዘዙ።"

አሸንዳውን ከእሷ ጣሪያ ወደ ሱፍያን ጣሪያ አዛወሩት። በርሜሉንና ጎማውን አጥባ፣ ቀዳዳዎቹን እንደገና በመርፌ ከፈተች። ቀጣዩ ዝናብ በርሜሉን በጠራ ውሃ ሞላው፤ ጎማውም እስከ መጨረሻው ችግኝ ድረስ አንጠባጠበ። ጎረቤቶቿ እየመጡ አዩ። ስለ ማፍረስ ያነሳ የለም።

ከዚያ በኋላ ቧንቧው ሲመጣ ሱፍያን ጀሪካኑን ሞልቶ የቧንቧውን ጎማ ዘረጋላት፤ ተራው የእሷ ነበር። እሷ ግን አንዲት ጆግ ብቻ አቀበለችው።

"ለመጠጥ ይበቃኛል" አለችው።