በሰባት ስም አሥራ አራት ሴት

የልጅ ልጆቼ ናቸው ይህን ያስጀመሩኝ። አንደኛው ከስልኩ ላይ እያነበበ፣ የየትኛው አገር እንደሆነ እንጃ፣ አውሮፕላን ነጂዎች ከአለቆቻቸው ጋር ተቀምጠው «ከደመወዛችን ቀንሱ፣ ሰው ግን አታባርሩ» እያሉ ሲደራደሩ ከረሙ አለኝ። «እኛም እንዲሁ ተደራድረናል» ብላቸው ሳቁብኝ። «እማማ፣ አንቱ ደግሞ መቼ አውሮፕላን ነድተው ያውቃሉ?» አለች ትንሿ። አልነዳሁም። አውሮፕላኑ የሚያርፍበትን መሬት ግን ጠብቄያለሁ። ይንገሩን ብላችሁ ከያዛችሁኝ እነግራችኋለሁ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ጽሕፈቱ የእናንተ ነው። ከመንገድ ከወጣሁ ዝም ብላችሁ ጠብቁኝ፣ ተመልሼ እገባለሁ።

ክፉው ቀን ነው። ዝናብ ከድቶናል፣ ንጉሡ ወርደዋል። ትናንት ጌታ የነበረው ዛሬ ይታሰራል፣ ትናንት ደጅ የቆመው ዛሬ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ሰው ጎረቤቱን «እንዴት አደርክ» ለማለት እንኳ ቀኝና ግራ ያይ ነበር። ባሌ ሥራ ፍለጋ ወደ አዋሽ ወርዶ ድምፁ ጠፍቷል። ከእኔ ጋር የቀረችው የእናንተ እናት ናት፤ ሦስት ዓመቷ ነው፣ እግሯ ቀጥኖ መቆም ትታ ነበር። እህል የጨረሰ ሰው ወደ ደሴ መጠለያ ይወርዳል። ከእኛ መንደር ወርዶ የተመለሰ አላየሁም። ስለዚህ እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነው፦ ያንን መንገድ።

መካነ ሰላም ያኔ አውሮፕላን ሜዳ ነበራት። ሜዳ ስላችሁ ሣር ነው። የመኪናው መንገድ ስለማይረባ የእርዳታው ስንዴ በአውሮፕላን ነበር የሚመጣ። ታዲያ ያንን ሜዳ ፍልፈል ወረሰው። ፍልፈል ታውቃላችሁ? ዓይኑ አይታይ፣ ጥርሱ ግን እንደ መጥረቢያ ነው። አድሮ አፈሩን ይቆልላል፣ ከሥር ቀዳዳ ነው። አንዱ አውሮፕላን ነጂ፣ ወፍራም ሳቂታ ሰው፣ «እናቶቼ፣ ጎማዬ ፍልፈል ቤት ከገባ እኔም ስንዴውም አብረን መቅረታችን ነው» ይለን ነበር። ለዚህ ነው አሥራ አራት ሴቶች የተቀጠርነው። ጉብታውን እናፈርሳለን፣ ጉድጓዱን እንደፍናለን፣ በግንድ እንደለድላለን። በሳምንት አንዳንድ ቁና ስንዴ ይሰፈርልናል።

አንድ ሰኞ የሜዳው ኃላፊ ከስንዴው መጋዘን በር ላይ ቆሞ ወረቀት አነበበ። ከደሴ የመጣ ጎረምሳ ነው። «ትእዛዝ ነው። ስንዴው አልበቃም። ከአሥራ አራታችሁ ሰባታችሁ ትሰናበታላችሁ። ስማችሁን ነገ አነባለሁ።»

ያን ቀን የሠራሁትን ሥራ አላስታውሰውም። ስንተያይ ዋልን። ይቺ ትበረታ ይሆን? እኔ ደካማ እመስል ይሆን? ኃላፊው ብቅ ባለ ቁጥር ወገቤን ቀጥ አደርጋለሁ፤ ዞር ስል ጎረቤቴም ቀጥ ብላ ቆማለች። ተፋፈርን።

ከሁላችንም የምትበልጥ አንዲት ባልቴት ነበረች፣ ምላሷ ስለት። ከሥራው ስንወጣ ሰበሰበችን። «እናንተ፣ እንደ ዶሮ ተራ በተራ ልትታረዱ ነው? ቅሬ ያለን ሰዎች አይደለን?» ቅሬ በእኛ አገር ሰው ሲሞት የምንቀባበርበት ማኅበር ነው፤ እስላም ክርስቲያን አይለይም። «ሲሞቱ የምንሰበሰብ፣ ሳይሞቱ ብንሰበሰብ ምን አለበት?»

በማግስቱ ኃላፊው አፉን ሳይከፍት እሷ ቀደመችው።

«ልጄ፣ ፍልፈሉም ተቀነሰ እንዴ?»

«ምን?»

«ከፍልፈሉ ግማሹን አሰናብተህ እንደሆን እኛም ግማሻችን እንሂድ።»

ሴቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን በእጁ የያዘውን ወረቀት አይ ነበር።

«እማማ፣ ስንዴው የለም። ከየት ላምጣው?»

«አንተ አልደበቅኸው፣ እናውቃለን። ከሚሰፈርልን ቀንስ። ግማሽ ግማሽ ቁና ስጠን፣ ሰው አትቀንስ።»

«ወረቀቱ ሰባት ስም ነው የሚል። አሥራ አራት ስም ካዩብኝ አሻጥር ነው ይላሉ። አሻጥር የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ያውቃሉ?»

«እናውቃለን።»

«ታዲያ?»

«ስሙ ሰባት ይሁን። ሴቱ አሥራ አራት።»

ኃላፊው ሰማይ ሰማይ አየ። «እኔ የሰማሁት ነገር የለም» ብሎ ገብቶ በሩን ዘጋ። ድርድራችን ይኸው ነበር።

ሁለት ሁለት ሆነን ተጣመርን። ዕጣ የወጣላት ስሟ ይጻፋል፤ ስንዴውን ተቀብላ ከጥንዷ ጋር ትካፈላለች፣ ሥራውን ቀን በቀን እንፈራረቃለን። ክርስቲያኗ በመስቀል፣ እስላሟ በቁርዓን ማልን። የእኔ ጥንድ የአንድ ቁርዓን አስተማሪ ሚስት የነበረች ናት፤ ባሏ ከሩቅ አገር አምጥቷት ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ሞተባት። ሁለት ልጆች አሏት። ዕጣው ለእሷ ወጣ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ሰው ነበረች፤ ስንዴውን ስትሰፍርልኝ «አብሽሪ፣ ያልፋል» ትለኝ ነበር። በስፌት ነበር የምትሰፍረው፣ ዳሩ ቀይ፤ እንዲያ ያለ ስፌት አሁን አይሠራም።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ኖርን። አንድ ቀን ስንዴ ጭኖ የመጣው አውሮፕላን ካኪ የለበሰ ሰው አወረደ። ተቆጣጣሪ ነው ተባለ። አሰለፈንና ከወረቀቱ ላይ እየጠራ ፊት ፊታችንን ያይ ጀመር። ተራው የእኔ ነበር፤ ጥንዴ ቤቷ ናት። የእሷን ስም ጠራ። ከእነአባቷ ጥርት ያለ የእስላም ስም ነው። እኔ ግንባሬ ላይ ልጅ ሳለሁ የተነቀስኩት መስቀል አለ፣ ይኸው ታዩታላችሁ። ሻሼን ወደ ቅንድቤ ልጎትት አልኩ፣ ግን እሱ ቀድሞ አየኝ።

«አቤት።»

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ጌታ ቀርቷል። ጓድ በይ።»

«እኔ ነኝ ጓድ።»

«ስምሽ የእስላም፣ ግንባርሽ የክርስቲያን። እንዴት ነው ነገሩ?»

ባልቴቷ ከኋላዬ፣ «ጓድ፣ የወሎን ሰው በስሙ እለያለሁ ካሉ እዚሁ ማርጀትዎ ነው! አባቷ አላህ ይላል፣ እናቷ ማርያም ትላለች፣ እሷ የጠራትን ሁሉ አቤት ትላለች» አለች። ነጂው እንኳ ሳቀ። ተቆጣጣሪው አልሳቀም። የሆነ ነገር ጻፈ።

አውሮፕላኑ እሱን ትቶት ተመለሰ፤ እስከሚቀጥለው ሊቀመጥ ነው። በዚያ ስም የእኔን ፊት አይቷል። ጥንዴ ነገ ብትመጣ ለአንድ ስም ሁለት ፊት ሊሆን ነው። እሷ ቤቷ ዋለች፣ እኔ በስሟ ዋልኩ። ስጠራ ዘግይቼ አቤት እላለሁ ብዬ እየፈራሁ ስሟን እንደ ጸሎት በሆዴ እደግመው ነበር። ያ ረቢ፣ እንዲያ ያለ ፍርሃት! ረሃቡን እንኳ አስረሳኝ።

በሦስተኛው ቀን ተቆጣጣሪው ከሜዳው ጠፋ። ወደ መንደር ወጥቶ ቤት ለቤት እየጠየቀ ነው አሉ። ልጄን አዝዬ ልሸሽ አሰብኩ፤ ግን ወዴት? ያው ወደዚያ መንገድ ነው። ቆሜ አፈር ስደለድል ቆየሁ። ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። አጠገቤ ሲደርስ ግንባሬን አየና አለፈ።

በማግስቱ ማለዳ ጥንዴ አንዱን ልጅ አዝላ፣ ሴቷን በእጇ ይዛ ደጄ መጣች።

«ከላላ አገር ያለው ወንድሜ ልኮብኛል። እህል አለው አሉ። ሥራውን አንቺው ያዢው።»

«ስንዴውስ? ግማሹ ያንቺ ነው እኮ!»

«ለልጅሽ አብዢላት።»

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ሙሉ ቁና! ወንድም ያላት ታድላ ብዬም ቀናሁባት። ተቆጣጣሪው በሚቀጥለው አውሮፕላን ሄደ፣ ማንም ሳይሰናበት ክረምቱ ገባ፣ የእናንተ እናትም በሁለት እግሯ ቆመች።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያ መንግሥት ራሱ ከወደቀ በኋላ፣ ለለቅሶ ከላላ ሄጄ ያቺን ጥንዴ በእጇ ይዛት የመጣችውን ልጅ አገኘኋት፤ ትልቅ ሴት ሆናለች። እናቷ በሰው ቤት እየፈጨች አሳድጋቸው፣ አርጅታ ነው የሞተችው። አልቅሰን ስናበቃ ስለዚያ ቀን አጫወተችኝ። ተቆጣጣሪው ቤታቸው ገብቶ ስሟን ጠርቶ «የት ናት?» ብሎ ኖሯል። እናቷም «እሷ ሜዳ ሥራ ላይ ናት። እኔ ከከላላ የመጣሁ እንግዳ ነኝ፣ ነገ እመለሳለሁ» አለችው። እንግዳ ነኝ ካለች በኋላ እንደ እንግዳ መሄድ ነበረባት።

«አጎትሽስ» አልኳት፣ «ያ የላከባችሁ፣ በሕይወት አለ?»

«የምን አጎት?» አለችኝ። «እናቴ ወንድም አልነበራትም። ከላላንም ያኔ ነው መጀመሪያ ያየችው።»