አባቴ የተሸከመልኝ ድንጋይ

እርጥብ ደንገል በሸተተኝ ቁጥር ፊቴ በኀፍረት ይግላል። ክረምት ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ሲያለብስ፣ አባቴ በደንገል ታንኳ መንገደኛ ያሻግር ነበር። ሰፈራችንም የተቆረቆረው በዚሁ መሻገሪያ ሰበብ ነው፤ ውሃ ያገደው ሁሉ እያደረ፣ አንዱ ጠላ ጠምቆ፣ ሌላው ጨውና ሳሙና ዘርግቶ፣ ሳይታሰብ ዐሥር ጎጆ ሆንን። ሕጋችን አንድ ነበር፦ ከማዶ የተጣራ ሰው ዝም አይባልም። አባቴ ጉርሻው አፉ ውስጥ እያለ ይነሣ ነበር።

አንድ ነሐሴ፣ ሁለት የክፍሌ ልጆች ከወረታ ሊጠይቁኝ መጡ። የነሱ አባቶች ባለሱቅ ነበሩ፤ የኔው ግን በቁምጣ፣ እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሶ ታንኳ የሚገፋ ነበርና፣ እንዳያዩብኝ እየተሳቀቅሁ ደጅ ተቀምጠን ሳለ ከማዶ የሴት ድምፅ ተጣራ። አባቴ ጓሮ ታንኳ ይጠግን ነበር።

«አንቺ፣ የተጣራ አለ እንዴ?» አለኝ።

«የለም አባየ፣ ከብት ጠባቂዎች ናቸው።»

ድምፁ ደጋግሞ ተጣራ፤ እኔም ጮክ ብዬ እየሳቅሁ ሸፈንሁት።

ለካ ከማዶ መንደር እትየ ዝማም ነበሩ። ወንድማቸው በእኛ በኩል ሞቶ ለቀብር መጥተው፣ ውሃው ዳር ሲያለቅሱ ቆይተው፣ አፈር ሳያለብሱት ተመለሱ። «ጠርቼው ጨከነብኝ» ማለታቸው አገሩን አዳረሰ። አባቴ «ከብት ጠባቂ መስሎኝ ነው» ብቻ አለ፤ የእኔን ስም አላነሣም። ቀና ብሎ ሲያየኝ አንገቴን ደፋሁ።

መስከረም ውሃው ሲጎድል፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ እትየ ዝማም ደጅ ተንበረከከ። እኔም ከኋላው ቆሜ ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ አልወጣኝም። «ይቅር ለእግዜር» አሉት፣ ፊታቸውን እንዳዞሩ። ኅዳር ላይ ሩዛችን ደርሶ ደቦ ቢጠራም የመጣለት ጥቂት ነበር፤ ብዙውን ብቻውን አጨደው።

ዛሬ ድልድይ ተሠርቶ ባጃጅ በደቂቃ ያሻግራል፤ ሰፈራችንም ወደ አስፋልቱ ፈልሶ ሁለት ጎጆ ቀርቶታል። አምና አባቴን ስንቀብር እትየ ዝማም በምርኩዝ መጥተው፣ እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ እኔስ ከልቤ ይቅር ብየው ነበር» አሉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኋቸው፣ ሌላ አልጨመርሁም። ያኔ ልጅ ነበርሁ እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር፤ በቀብሩ ቀን ግን የአርባ ዓመት ሴት ነበርሁ።