ሦስት ብርጭቆ ወይን በሐይቅ ዳር

ሰው ሁሉ ስደት የሚወጣው በሌሊት፣ ተደብቆ ይመስላችኋል። እኔ ከሐዋሳ የወጣሁት በማለዳ ፀሐይ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ነው። የሐይቅ ዳር አሣ ሻጮች ስሜን እየጠሩ ሸኙኝ። የምሠራበት ሆቴል አስተናጋጆች አለቀሱ፤ እንደ እኔ ያለ አስተናጋጅ ከዚያ በኋላ አላገኙምና ማልቀሳቸው ልክ ነበር። ጓደኛዬ ላሌሞ አውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆሞ፣

«በየነ፣ ሂድ፤ ግን እንዳትጠጣ» አለኝ። ያኔም የመዘምራን መሪ ነበር፤ አልኮል በአፉ ዞሮ አያውቅም።

«ልሠራ እንጂ ልጠጣ አይደለም የምሄደው» አልኩት። ሁለታችንም እውነት የተነጋገርን መስሎን ነበር።

ከሞያሌ በኋላ ያለውን መንገድ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበት ቢነገረውም አይገባውም። ታንዛኒያንና ማላዊን ያቋረጥኩት በጭነት መኪና ሸራ ሥር ነው። አገሮቹን አላየኋቸውም፤ ሸተቱኝ እንጂ። ታንዛኒያ የደረቀ አሣና ናፍጣ፣ ማላዊ የትምባሆ ቅጠል። አብረውኝ የታጨቁት ልጆች «የት ደረስን ጋሼ?» ሲሉኝ በአፍንጫዬ ነበር የምነግራቸው። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።

በመጨረሻ ደቡብ አፍሪካ፣ ስቴለንቦሽ የምትባል ከተማ ወይን ለቀማ ገባሁ። ብርዱ የሚመጣው እኛ አገር በበልግ ዝናብ ዘር ሲዘራ ነው፤ ሁሉም ነገር ተገልብጧል። ምግባቸው ጨው እንጂ ቅመም አያውቅም። ለሰላምታ «ሃው ዚት»፣ እንዴት ነህ፣ ይሉና መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። እኛ አገር አንድ ሰው ሰላም ብሎ ሳይጨርስ ሻይ ይቀዘቅዛል።

ስለ ወይን ማንም አላስተማረኝም። የተቀደደ የጠርሙስ ወረቀት እየለቀምኩ እንግሊዝኛቸውን አነበብኩ፤ በርሜል ሳጥብ አፍንጫዬን ከትቼ አሸተትኩ። ነጮቹ ቀይ ወይን ሲቀምሱ «ብላክ ከረንት ይሸታል» ይላሉ። ብላክ ከረንት የሚባል ፍሬ አይቼ አላውቅም፣ ያላየሁትን ደግሞ አላሸትም። ስለዚህ በራሴ ቋንቋ ተማርኩት። ስቴለንቦሽና ፓርል ጎረቤታሞች ናቸው፣ ከሐዋሳ ሻሸመኔ እንደ ማለት። ግን የስቴለንቦሹ ቀይ ወይን አዲስ የተቀረጸ እርሳስና ኮሰረት ይሸታል፤ የፓርሉ ፀሐይ የመታው ነው፣ ሰሌን ላይ የተሰጣ በርበሬ። የሲዳማንና የጌዴኦን ማር ዓይኑን ጨፍኖ የሚለይ ሰው ይህ አይከብደውም።

አንድ ቀን ፎርማኑ ከበርሜል ቀድቶ በቀልድ ሰጠኝ። «ይሄ የኛ አይደለም፣ የፓርል ነው» አልኩት። ሳቀ። መዝገቡን ሄዶ አየና ሳቁን አቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዘ ኖዝ» ተባልኩ፤ አፍንጫው ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ልጆች ብርጭቆ ይዘው እኔ ዘንድ ይሰለፉ ነበር።

የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ያለችው ሴትዮ ግን አልገባትም።

«ሥራህ?»

«ቀማሽ።»

«የምን?»

«የወይን። ቀምሼ እተፋለሁ።»

«ጥሩ ከሆነ ለምን ትተፋዋለህ?»

«ሥራዬ መትፋት ነው።»

ቀና ብላ አየችኝና ቅጹ ላይ «ሥራ የለውም» ብላ ጻፈች።

አከራዬም የባሰች ነበረች። በርበሬ ባቁላላሁ ቁጥር በሩን ትደበድባለች። «ሚስተር በየነ፣ ይሄ ሽታ ከግድግዳው አይለቅም!» «እኔም እንዲለቅ አልከፍልም» እላታለሁ። ለዓመታት እንዲህ ተጣልተን ተዋደድን።

ከዚያ ያ ዓለምን ያዳረሰ በሽታ መጣ። እኔም ታመምኩ፣ ዳንኩም። አንድ ቀን ወጥ ጥጄ ከጎኑ ቆሜ ሬዲዮ ስሰማ አከራዬ እየጮኸች ገባች። «ቤቱ እየነደደ ነው! አይሸትህም?» ድስቱ ከሰል ሆኗል፣ ጭሱ ጣሪያውን ሸፍኗል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ምንም አልሸተተኝም።

ለማንም አልተናገርኩም። በሥራ ቦታ ወይኑን በትዝታ እየቀመስኩ፣ የሌሎቹን ፊት እያነበብኩ ሁለት ዓመት ዘለቅኩ። ግን ፎርማኑ ሞኝ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ወደ ዋናው በር አዛወረኝ። የጎብኚ መኪና ታርጋ እመዘግባለሁ።

አገሬ መመለስ አማረኝ። ሚስትም ልጅም የለኝም። ላሌሞ ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ቱላ ቤት ሠርቷል፣ «አንድ ክፍል ያንተ ነው» ይለኛል፤ ግን በየነ የሰው ቤት ተጠግቶ ቆጮ የሚቆጠርለት ሽማግሌ አይደለም። ሥራ ይዤ፣ ተጠርቼ ነው የምመለሰው ብዬ ማልኩ። ደግሞም ጥሪው መጣ። የድሮ ወዳጄ የነበረ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ታምሩ፣ ሐይቅ ዳር ሆቴል ከፍቶ የወይን ክፍል የሚያዝለት ሰው ፈለገ። በስልክ፣ «ጋሼ፣ ስምዎን ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ወዳጆችዎ ባሉበት ዓይንዎን ታስረው ይቅመሱልንና ክፍሉ የእርስዎ ነው» አለኝ። የቀረችኝ መንገድ ያቺው ነበረች።

ባለፈው ዓመት ሁለት ጠርሙስ ይዤ ሐዋሳ ገባሁ፤ አንዱ የስቴለንቦሽ፣ አንዱ የፓርል። ታምሩ ሦስተኛ ጨመረ፣ እዚሁ ዝዋይ አካባቢ ከሚለማው ወይን። በረንዳው ላይ ሦስት የድሮ የሥራ ጓደኞቼ ተቀመጡ። ቀጂ ይሁን ብለን የመረጥነው ላሌሞን ነው፤ የማይጠጣ ሰው አያዳላምና።

«እኔ ሽማግሌ ነኝ እኮ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢያየኝ ምን እላለሁ?» አለ።

«አጠጣ ተባልክ እንጂ ጠጣ አልተባልክም» አልኩት። ዓይኔን በራሱ የአንገት ልብስ አሰረኝ።

ብዙ ቆየ። ብረት ሲንኳኳ፣ ሰው ሲያንሾካሹክ እሰማለሁ። «ላሌሞ፣ ወይኑን እየተከልከው ነው?» አልኩ። «መጣሁ፣ መጣሁ» አለ።

የመጀመሪያውን ብርጭቆ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ባዶ። ምላሴ ላይ ኮምጣጣና ትንሽ ሙቀት ብቻ። ግን ጠርሙሶቹን ያሰለፍኳቸው እኔ ነኝ፤ ላሌሞ ደግሞ ሥርዓት ያለው ሰው ነው፣ ከቀኝ ይጀምራል። «ስቴለንቦሽ!» አልኩ። «እርሳስ፣ ኮሰረት፣ ከበላዩ ደግሞ ጭስ የነካው እንሰት ቅጠል።» ጭብጨባ ሆነ።

ሁለተኛውን አነሣሁ። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ያኔ በርበሬው ሸተተኝ። ሰሌኑም፣ ፀሐዩም ሸተተኝ። «ፓርል ነው» ስል ድምፄ ተሰበረ። ሦስተኛውን ቀምሼ፣ «ይሄ ደግሞ የኛው፤ ገና ጥሬ ነው፣ ይቸኩላል» አልኩ። አጨበጨቡ፣ አንዱ ጓደኛዬማ እልል አለ። ዓይኔ በጨርቁ ሥር እንባ ሞላ። አፍንጫዬ አገሩ ሲገባ ተመለሰ አልኩ።

ጨርቁን አወለቅሁት።

የስቴለንቦሹና የፓርሉ ጠርሙሶች እስከ አንገታቸው ሙሉ ናቸው። ቡሻቸው ተሰብሮ፣ ግማሹ ውስጥ ተወትፎ ቀርቷል። ክዳኑ በእጅ የሚዞረው የዝዋዩ ብቻ ነው የተከፈተው፤ ከግማሽ በታች ወርዷል።

ላሌሞ መሬት መሬት አየ። «ተሰበረብኝ። አንዱም ሌላውም። ጠርሙስ ከፍቼ አላውቅ። አንተ ዓይንህ ታስሮ፣ ሰው ሁሉ እየጠበቀህ... እንዴት አድርጌ ላቋርጥህ? ይሉኝታ ያዘኝ፣ ከዚያችው ሦስቴ ቀዳሁ።»

«እናንተስ? ለምን አጨበጨባችሁ?»

«አነጋገርህ ደስ ሲል ነዋ!» አለ አንዱ። ሌላው ሊያስቀን ፈልጎ፣ በሲዳምኛ እንኳን ደህና መጣህ የምንልበትን ቃል አነሣ። «ዳኤ ቡሹ ማለት ለካ ቡሹን ስበረው ማለት ኖሯል!» ማንም አልሳቀም።

ታምሩ ወንበሩን አስጠጋ። «ጋሼ፣ ምንም አይደል። እዚህ የሚለየው ማነው? እንግዳው የሚወደው ንግግርዎን ነው። ጥሩ ኮት እናለብስዎታለን፣ በር ላይ ሆነው ይቀበሉልን። ሥራው የእርስዎ ነው።»

ከልቡ ነበር። አባቱም ደግ ሰው ነበር። እኔ ግን በር ስቴለንቦሽም አለኝ። «ልጄ፣ እኔ የተጠራሁት ወይን ልለይ ነው» አልኩና ተነሣሁ።

ላሌሞ በሐይቁ ዳር እየተከተለኝ ያለቅስ ነበር። «እኔ አዋረድኩህ፣ ወንድሜ። በትክክል ብቀዳ ኖሮ ትለይ ነበር፣ አይደል?»

«እለይ ነበር» አልኩት።

ይህን ነው ለእናንተ የምጽፈው። በዕድሜዬ ብዙ ጉራ ነዝቻለሁ፣ አብዛኛው እውነት ነበር። ያቺ አንዲት ቃል ግን ጉራ አልነበረችም፣ የሰው ጀርባ ላይ የጫንኳት ድንጋይ ናት። ላሌሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ በቀር አያነብም፣ ይህንንም አያገኘውም።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቤቱ ሲገባ፣ እኔ ወደተመለስኩበት ወደ ስቴለንቦሽ በር ይደውላል። ባለፈው እሑድም ደወለ።

«የዘመን መለወጫችን ጨምበላላ ደርሷል። ሰው ሁሉ ጉዱማሌ አደባባይ ሊወጣ ነው። ክፍልህን ቀለም ቀባሁት። ይቅር ካልከኝ ለምን አትመጣም?»

«ይቅር ብዬሃለሁ። ሥራ ነው። ያለ እኔ አንድ በርሜል አይዘጋም።»

«እውነትህን ነው፣ አንተን እንዴት ይለቁሃል» አለ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ ቆርቆሮ ሲንጫጫ ሰማሁ። «ኧረ ዝናብ! ቆይ፣ ቆይ በየነ፣ ልውጣ...» በሩን ሲከፍት፣ ጭቃ ላይ ሲሮጥ ሰማሁት። ስልኩን ወደ መሬቱ ዝቅ አድርጎ ነው መሰለኝ ድምፁ ከሩቅ መጣ።

«የቱላ አፈር ነው! ያንተ አፍንጫ ከዚያም ሆኖ ይደርስበታል። ይሸትሃል?»

የበሩ ደወል ጮኸ፣ የጎብኚ መኪና ቆሟል። አልተነሣሁም።

«ይሸተኛል» አልኩት።