አንዱ ገመድ

ኮሮናው ጋብ ባለ ሰሞን ጅጅጋ ላይ ከአንድ ጎረቤቴ ጋር ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮ ከፈትን። ጎረቤቴ በዕድሜ ይበልጠኛል። ልጅነቱን ቁርአን ሲቀራ፣ ጎልማሳነቱን ጂዳ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን ያሳለፈ ሶማሌ ነው። ተሠርቶ የሚመጣ የማይክ ገመድ ስድስት ወር አይቆይም። ስለዚህ ጥቅል ሽቦ በደወሌ በኩል አስመጣንና ራሳችን እንበይድ ተባባልን።

ሥራው ቀላል ነው። ሽቦው ውስጥ ሦስት ክር አለ፤ አንዱ ራቁቱን ነው፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። ጫፉ ላይ የሚገጠመው ጃክም ሦስት እግር አለው። ራቁቱ የት እንደሚገባ ለሁለታችንም ግልጽ ነበር። ለቀሩት ሁለቱ እኔ ካርቶን ላይ ቀይና ነጭ ነጥብ ጎን ለጎን አደረግሁና፣ በዚህ ቅደም ተከተል ነው ብዬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ቁጥር እንኳ አልጻፍኩበትም። ለሁለት ነጥብ ደግሞ ምን ቁጥር ያስፈልጋል!

ሁለት ገመድ እኔ ጨረስኩ፣ አንድ እሱ ጨረሰ። አራተኛውን ስንጀምር እንግዶች በር ላይ ደረሱ። ስለቸኮልን አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እሱ ያዝንና በየድነው።

እንግዶቹ ከባቢሌ የመጡ አባትና ሴት ልጁ ናቸው። አባትየው ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሽማግሌ ነው። ጉሮሮው ታሞ አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞለታል፤ ሐኪሞቹም ከዚያ በኋላ እንደማይናገር ቁርጡን ነግረውታል። ልጁ የፈለገችው ምርቃቱን ነው፤ ገና ላላገቡት የልጅ ልጆቹ፣ ለእያንዳንዳቸው በየስማቸው። በማግስቱ መንገደኞች ናቸው።

ክብር ያለው ነገር ነው ብለን ሁለት ማይክ ፊቱ አቆምን። አንዱ በእኔ ገመድ፣ ሌላው በጋራ በሠራነው። አባባ እየተቆራረጠ፣ ውኃ እየተጎነጨ መረቀ። ልጁ እጁን ይዛ ታለቅሳለች፣ እኔም ዓይኔን እጠርጋለሁ። ሲጨርስ ድምፁ ሹክሹክታ ብቻ ሆኖ ነበር።

ስልኳ ላይ ጫንኩላትና ከፈተችው። ከውጭ ያለፈው ባጃጅ ጥሩምባ ጥርት ብሎ ይሰማል። ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል። አባባ ግን የለም። ከጆሮ የሚያመልጥ ትንሽ ፉጨት ነገር ብቻ አለ።

ደነገጥኩ። ሄድፎን ሰካሁ፣ ድምፁ አለ! ግን ከጭንቅላቴ ኋላ የሚመጣ ይመስላል። ሄድፎኑን ነቅዬ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ከፈትኩት፣ የለም። እንዴት ያለ ጉድ ነው? ሌላ እንቅረጽ እንዳልል ሰውየው መናገር አቅቶታል። ልጁ ግን «አይዞህ ወንድሜ» ብላኝ አባቷን ደግፋ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እህል አልበላልህ አለኝ። አራቱን ገመድ አንድ በአንድ ሞከርኩ፣ ሁሉም ደህና ናቸው። ማይኮቹ ደህና፣ ኮምፒዩተሩ ደህና። ሁሉ ነገር ደህና ሆኖ ሰው እንዴት ይጠፋል? ጎረቤቴ ጂን ይሆናል ብሎ ቀለደብኝ፣ እኔም ጮህኩበት። ያን ቀን ለማመን ሁሉ ዳር ዳር ብዬ ነበር።

በሳምንቱ በንዴት ጃኮቹን ሁሉ ፈታታኋቸው። አራተኛው ላይ ደረስኩ። በእኔ ጫፍ ቀዩ ይቀድማል፣ በእሱ ጫፍ ነጩ። የት አይተህ ነው ብዬ ካርቶኑን አፍንጫው ሥር ወሰድኩለት። ረጋ ብሎ፣ ቁርአን እንደሚቀራ ሰው፣ ጣቱን ቀኝ ዳር ላይ አኖረና ወደ ግራ ጎተተው።

«ወሪያ፣ ከዚህ ነዋ የሚጀመረው» አለኝ።

እሱ ብቻውን የሠራውን ገመድ አየሁ። በሁለቱም ጫፍ ነጩ ይቀድማል፣ ስለዚህ ምንም አልሆነም። የእኔም ምንም አልሆኑም። የተበላሸው አብረን የሠራነው ብቻ ነው። እሱ እንዳስረዳኝ፣ አንዱ ማይክ የሌላውን ድምፅ ገልብጦ ስለያዘ፣ ሄድፎን ለየጆሮው ያካፍላቸዋል፣ ስልኩ ግን ደምሮ ያጣፋቸዋል። ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። እውነቱን ለመናገር ዛሬም በደንብ አልገባኝም።

ኮምፒዩተሩ ላይ አንደኛውን የሚገለብጥ ቁልፍ አለ። ተጫንኩት። አባባ መጣ፤ ሳሉ፣ ውኃ ሲጎነጭ፣ የልጅ ልጆቹ ስም፣ ሁሉም። ጎረቤቴና እኔ ሳንተያይ እስከ መጨረሻው ሰማነው። ወዲያው በቴሌግራም ላክሁላት።

በማግስቱ ደወለች። ቀዶ ጥገናው ካለፈ ሦስት ቀኑ ነው፣ አባባም ሰምቶታል አለችኝ። እኔም ደስታው አሰክሮኝ፣ ሳላስበው፣

«ታዲያ ምን አለ?» አልኳት።

አፌ ምነው በተቆረጠ! ከጀርባዋ ያ የተቆራረጠ ምርቃት ይሰማኛል።

«ምንም» አለችኝ። «ባለቀ ቁጥር እጄን እየነካ ያስከፍተኛል።»