ሙናዊር ሽማግሌ ሲፈልግ

የተከበርክ፣ የተገፋህ፣ እግርህን በጋሪ የተረገጥክ ሰፊው የመርካቶ ሕዝብ ሆይ! የዚፕና የልብስ ቁልፍ ነጋዴው፣ ደራሲው፣ ዳይሬክተሩና መሪ ተዋናዩ ሙናዊር ከዛሬ ጀምሮ ቀልዱን ትቶ ቁም ነገር መጀመሩን እወቅልን። ጎረቤትህ ካልሰማ ቀስቅሰህ ንገረው።

በኢንተርኔት የሚለቃቸውን አጫጭር የቀልድ ፊልሞች ድርሰት የሚጽፈው እሱ፣ የሚያዘው እሱ፣ ከጆንያ ክምር ላይ የሚንከባለለውም እሱው ነው። ካሜራው የጎረቤቱ የጴጥሮስ ስልክ ነው። ይህን ያህል ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ሲከማች ሌላ አገር አብዮት ይነሳ ነበር፤ ሱቁ ያለባት ሶማሌ ተራ ግን ስቃ ዝም አለች።

በየፊልሙ የሚያፈቅራት ሴት ሱሀይር ናት። አንዋር መስጊድ አጠገብ ቅመም ትሸጣለች፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። በየፊልሙ እምቢ እንድትለው የሚጽፈውም ራሱ ነው። ፈሪ ሰው ውርደቱን እንኳ በገዛ እጁ ማሰናዳት ይወዳል።

ሰሞኑን በሱቋ ደጃፍ ሲቀርጹ ግን ነገር ተበላሸ። በድርሰቱ መሠረት የኮረሪማ ኬሻ ታቅፎ «አግቢኝ» ሊላት፣ ከዚያ ከነኬሻው ሊገለበጥ ነበር። ቃሉን አለ፤ መገለበጡን ረሳ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያለ ድርሰት መታየቱ አስደነገጠው። እንደ ሌላው ዳይሬክተር «ካት» ማለት ይንቃልና በአማርኛው «ይቆረጥ!» ብሎ ጮኸ።

ጴጥሮስ ስልኩን አጠፋ። ሱሀይር ግን የነጋዴ ልጅ ናት፤ ገበያ ላይ «ይቆረጥ» ከተባለ ክርክሩ አበቃ፣ የሚቀረው የመጨረሻውን ዋጋ መናገር ነው። ሚዛኗን አስቀመጠች።

«ቁርጡማ፣ ለአባቴ ሽማግሌ ላክ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስትቀልድብኝ ከረምክ።»

እንዲህ የሚል ድርሰት ጽፎ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ። አልጻፈም።

አባቷ ሐጂ ሸረፋ እሑድ ከስልጤ ይመጣሉ፣ ሰኞ ይመለሳሉ። ሦስት ሽማግሌ ካልገባላቸው ነገሩ ቀረ ማለት ነው። ሙናዊር ሱቅ ለሱቅ ዞረ። አንዱ ሳቀበት፤ ሌላው የሚቀረጽ መስሎት ፀጉሩን አበጠረ፤ በአላህ ቢምልላቸው «ትወናህ ተሻሽሏል» አሉት። በመጨረሻ ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ይሄይስ ዘንድ ገባ። እሳቸውም ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«ካሜራውን የት ሸሸግከው?»

«የለም ጋሼ። እውነቴን ነው።»

«ሱሪዬ ሲቀደድ ለአገር ያሳየኸኝም ‹የለም ጋሼ› ብለህ ነው።»

አንድ አገር የሚያስቀው ሰው ከጨርቅ ጣቃዎቹ ጥግ በርጩማ ላይ ኩርምት አለ። ገዢ ገባ፣ ወጣ። ሙናዊር አንገቱን እንደደፋ ነው። ጋሽ ይሄይስ መነጽራቸውን አውልቀው ትከሻውን ያዝ አደረጉት።

«ተነስ በል፣ ልጄ። ጋቢዬን አሳጥባለሁ።»

እሳቸው ደግሞ አንድ የሰፈራቸውን ሰው ጎትተው አመጡ። ሁለት ሆኑ። ሦስተኛው ጠፋ፤ ነገ እሑድ ነው። ሐጂ ሸረፋ ደግሞ በጎደለ ሽማግሌ በር የሚከፍቱ ሰው አይደሉም።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም በዚህ ሰውዬ መንከባለል ሆድህን ይዘህ የሳቅክ ነህ፤ አትካድ። እንግዲያው ነገ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ፣ ንጹሕ ልብስህን ለብሰህ፣ ካሜራ ፍለጋ ሳትገላመጥ፣ አንዋር መስጊድ በር ላይ ተገኝተህ እስቲ ሦስተኛው ሽማግሌ ሁንለት።