የማድ ቤቱ ወለል

ልጄ ሕይወት ባለፈው ቅዳሜ ስልኳ ላይ አንድ ነገር ካየች በኋላ ቤታችን ውስጥ አብዮት አስነሳች። ከሱቅ የምንገዛቸውን የወለል ማጽጃዎች፣ ሰማያዊውንም ሮዙንም፣ ሰብስባ በረንዳ ላይ አወጣቻቸውና "ከዛሬ ጀምሮ አካባቢን በማይጎዳ ነገር ነው የምናጸዳው" ብላ አወጀች። የእኛ ምድጃ የኤሌክትሪክ ስለሆነ አመድ የለውም፤ ስለዚህ ከጎረቤት አመድ ለምና አመጣች። ከዚያ ሎሚ ለሁለት ቆርጣ፣ አመዱን እየነከረችበት የድስቱን ቂጥ ትፈትግ ጀመር። እኔ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ "አይ የዘንድሮ ልጅ፣ የአያቷን ሙያ ከስልክ ትማራለች" ብዬ ልስቅ ስል፣ የእርጥብ አመድና የሎሚ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ገባና ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። መጀመሪያ የታወሰችኝ እናቴ ናት ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አይደለችም። የታወሰችኝ አስቴር ናት። ከአስቴር ጋር ደግሞ ያ የድሮ ቅናት መጣ፤ ይኸው ስንት ዓመት አልፎት፣ ጸጉሬ ሸብቶ፣ ዛሬም ደረቴን ያቃጥለኛል።

ልጅነቴ በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ጂንካ ነው ያለፈው። አባቴ ከመሀል አገር መጥቶ ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረችው፤ ሆኖም የባለሱቅ ልጅ መሆን ያን ጊዜ ሳሙና አያስገኝም ነበር። ሳሙና የቀበሌ ሱቅ ሲመጣ ነው፤ ሲመጣም ተሰልፎ ነው፤ ተሰልፎም ሲደርስ አልቆ ነው። ስለዚህ እማዬ ቤቷን የምታጸዳው ከመሬት በበቀለና ከምድጃ በተረፈ ነገር ነበር። ልብሱ ነሪ ወንዝ ወርዶ በእንዶድ ይታጠባል፤ እንዶዱ ሲወቀጥ የሚወጣው አረፋ እጃችንን እስከ ክርናችን ያለብሰውና ከውሃው ይልቅ እርስ በርሳችን ላይ እንረጨዋለን። እንስራው በግራዋ ቅጠል ይታሻል፤ ድስቱ በአመድና በሎሚ ይፈተጋል፤ የአፈር ወለሉ ደግሞ ቁንጫውም አቧራውም እንዲጠፋ በየሳምንቱ በእበት ይለቀለቃል። አካባቢን አይጎዳም ብሎ ያመሰገነን ሰው አልነበረም። ስሙ ዝም ብሎ ቤት ማጽዳት ነው።

እበቱን የምናመጣው ከአውሮፕላን ማረፊያው ነበር። የጂንካ ሰው ያውቀዋል፤ ከተማችን ሜዳውን ከብባ የተሠራች ናት፤ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሣር ላይ አብዛኛውን ቀን የሚያርፉት ከብቶች ናቸው። የሞተር ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ዘበኛው ዱላውን ይዞ ከብቱንም እኛንም አንድ ላይ ያባርራል። እኛ ቅርጫታችንን ታቅፈን ስንሮጥ፣ ከአውሮፕላኑ የሚወርዱት ባለሥልጣናት መጀመሪያ የሚያዩት እበት የተሸከሙ ልጃገረዶችን ነው። ዘበኛው "እናንተ ልጆች፣ ያገር ገጽታ አበላሻችሁ!" ይለን ነበር፤ ግን ማታ ለራሱ ቤት የሚሆነውን ከእኛው ቅርጫት ይዘግናል።

አስቴር ቤታችን የመጣችው አራተኛ ክፍል ስንገባ ነው። አባቷ የአሪ ብሔረሰብ ገበሬ፣ የአባቴ የቆየ ደንበኛ ነበር፤ መንደራቸው ያለው ትምህርት ቤት ከሦስተኛ ክፍል ስለማያልፍ ልጁን እጇን ይዞ አምጥቶ "ካንተ ልጅ ጋር ትማር" አለው። እኩያዬ ናት፤ አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው፤ አንድ ዴስክ ላይ ነው የምንቀመጠው። እስከዚያ ቀን ድረስ የቤቱ ብቸኛ ሴት ልጅ እኔ ነበርኩ። በመጣች በመጀመሪያው ቅዳሜ እማዬ እበቱን በውሃና በተነፋ አመድ ለውሳ ለመለቅለቅ ስትንበረከክ፣ አስቴር ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቧ ተንበረከከች። ከጓዳው ግድግዳ ጀምራ ወደ በሩ ወደኋላ እያፈገፈገች፣ መዳፏን ዘርግታ በግማሽ ክብ ታስኬደዋለች። ሲደርቅ ወለሉ አንዲት መስመር አልነበረበትም። እማዬ ወገቧን ይዛ ቆማ አየችውና "እሰይ! እጅሽ ይባረክ" አለች። ለእኔ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

የኔ ልቅለቃ የታወቀ ነበር። መዳፍሽን ዘርጊ ቢሉኝ እምቢ ይለኛል፤ በጣቶቼ እየጫንኩ ስጎትት አምስት ቦይ እያወጣሁ እሄዳለሁ፤ ያረሰው በሬ ነው ወይስ ብርቄ ናት ብሎ አባቴ ይቀልድብኛል። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እማዬ ሥራውን ከፈለችው፤ ሳሎኑን አስቴር፣ ማድ ቤቱን እኔ። ክፍፍሉ ሳይነገረኝ ገብቶኛል። ሳሎኑ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ የአባቴ ራዲዮ ያለበት፣ የሚካኤል ጽዋ የሚጠጣበት ነው። ማድ ቤቱን ማን ያየዋል? ጭስና እናቴ ብቻ ናቸው ያሉት።

በየወሩ የማኅበሩ ሰዎች ይመጣሉ፤ ቄሱ ከበሩ ሲገቡ ወለሉን አይተው "ይህን የሠራች እጅ ትባረክ" ይላሉ። የጴንጤ ልጅ የሆነችው አስቴርም አንገቷን ደፍታ የቄሱን ምርቃት ትቀበላለች፤ እኔ የንስሐ ልጃቸው ማድ ቤት ሆኜ ሽንኩርት እልጣለሁ። እንባዬን በሽንኩርቱ አሳብቤያለሁ። ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ማታ ስትተኛ መዳፏን ገልብጬ ከኔ መዳፍ ጋር አስተያየው ነበር፤ የተለየ ነገር የለውም። እንዲለሰልስልኝ ብዬ እጄን ቅቤ ቀባሁት፤ የደብተሬ ወረቀት በሙሉ በቅቤ ወዝቶ ከመምህሩ ኩርኩም ተረፈኝ።

አንድ ጊዜ ዕድል ቀናኝ። ለኅዳር ሚካኤል አስቴር አዝመራ ልታግዝ አገሯ ሄደች፤ ሳሎኑን እኔ ካልለቀለቅሁ ብዬ እማዬን ለመንኳት፣ እሺ አለች። ያን ሰሞን አንድ ሾፌር ለአባቴ የዱቄት ሳሙና በስጦታ አምጥቶለት ነበር። እኔ ደግሞ አሰብኩ፤ እበት እንዲህ ካጸዳ፣ እበት በሳሙና የት ሊደርስ ነው! እማዬ ገበያ ሳለች ግማሹን ፓኬት ጨምሬ ለወስኩት። አረፋው ከባልዲው ተርፎ ወጣ፤ ሽታው ልዩ ነበር፤ እየዘፈንኩ ለቀለቅሁት። በማግስቱ ማኅበርተኞቹ ገብተው ሲቀመጡ፣ የደረቀው ልቅለቃ እንደ አሮጌ ቀለም እየተላጠ ከጫማቸው ጋር ይነሳል። የቄሱ ነጠላ ጫፍ ላይ ተለጥፎ የቀረውን እማዬ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ቄሱም ሳቁ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። አስቴር እንደተመለሰች ሁሉንም ፍቃ በእበትና በአመድ ብቻ እንደገና ሠራችው። እኔም ወደ ማድ ቤቴ ተመለስኩ።

ስለ ማድ ቤቱ አንድ ነገር አስታውሳለሁ። እማዬ ሳሎን የምትገባው በጫማዋ ነው፤ ማድ ቤት ስትገባ ግን ጫማዋን በሩ ላይ ታወልቃለች። የሚያወልቁትስ ሳሎን አልነበር? እኔ ለጫማዋ ሳስታ ይሆናል፣ አመድ እንዳይነካባት፣ እል ነበር።

ዓመታት ሄዱ። ደርግ ሊወድቅ አካባቢ አባቴ ቤቱን በሙሉ ሲሚንቶ አስደረገው፤ ልቅለቃውም ክፍፍሉም በዚያው ቀረ። አስቴር ትምህርቷን ጨርሳ ካኮ የምትባል ከተማ መምህር አግብታ ኖረች። እማዬ ያረፈች ጊዜ አስቴር እኔ ዘንድ የደረሰችው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ከኔ እኩል አለቀሰች፤ እኔም በሐዘኔ መሀል "ያንቺ እናት ናት እንዴ?" የሚል ነገር ሽው አለብኝ። ሰው ቀለል ሲል አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"ብርቄ፣ እኔ እኮ ባንቺ ቀንቼ አላባራም ነበር" አለችኝ።

"በእኔ? በምኔ?"

"አንድ ቀን እትዬን ማድ ቤቱንም እኔ ልለቅልቀው አልኳቸው። ብርቄ ጎርበጥባጣ አድርጋዋለች፣ ያደናቅፍዎታል አልኳቸው። ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? 'ተይው። ሳሎኑን እንግዳ ነው የሚረግጠው። ማድ ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምቆመው እኔ ነኝ፤ የልጄን ጣቶች በእግሬ ላግኛቸው' አሉኝ። ለዚያ እኮ ነው ጫማቸውን የሚያወልቁት። ያን ቀን አልጋ ውስጥ ሳለቅስ ሆዴን አሞኝ ነው ብዬሽ ነበር።"

አቅፌያት አለቀስኩ። ለቀስተኛው ለእናቴ መሰለው፤ ለእሷም ነበር። ግን ልዋሽ አልችልም፤ ከእንባው ሥር ያው ቅናት ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ስጠብቀው የኖርኩትን ቃል እናቴ ተናግራዋለች፤ የተናገረችው ግን ለአስቴር ነው። ለእኔ ብትለኝ ምን ነበረበት?

ሕይወት ድስቱን ጨርሳ ወለሉን በሎሚና በአቼቶ ውሃ ወልውላ ስታበቃ፣ "እማዬ ነይ እዪው፣ ያለ ኬሚካል!" ብላ ጠራችኝ። ሴራሚኩ ያብረቀርቃል። በሩ ላይ ጫማዬን አወለቅሁና ገባሁ። ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብዬ ሄድኩበት፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ልሙጥ ነው፤ እግሬ የልጄን ጣቶች አላገኘም።

"አያምርም?" አለችኝ ልጄ።

"በጣም ያምራል፤ እጅሽ ይባረክ" አልኳት።

በአስቴር መቅናቴን በዚያች ቅጽበት ተውኩ። አሁን የምቀናው በእናቴ ነው።